የማቀፊያ ሥራ በባለቀለም ድንጋዮች ገጽታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ ከሐርላ ዶቃ እስከ ወሎ ኦፓል

መግቢያ

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ የጥንታዊ የንግድ ከተማ ፍርስራሽ ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት፣ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር የተካሄደው ቁፋሮ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲሆን፣ በሥፍራው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ የሰርድዮን (ካርኔሊያን)፣ የክሪስታልና የመስታወት ዶቃዎች መገኘታቸው ተገልጿል። ከዚህም በተጨማሪ ሐርላ በብር፣ በነሐስና በድንጋይ ጌጥ የሚሠራባት ማዕከል እንደነበረች የሚያመለክቱ ማስረጃዎች ተገኝተዋል። ከአሠራሩ ስልት በመነሣትም የህንድ ጌጥ ሠሪዎች በዚያ ኖረው ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ገምተዋል።

የእነዚህ ዶቃዎች ቀለም ዛሬ በቤተ ሙዚየም መስኮት ውስጥ የሚታየው እንደ ቀድሞው ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የአንድ ድንጋይ ቀለም ከድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ከተያዘበት ማቀፊያም የሚመነጭ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

ብርሃን ከድንጋዩ ጀርባ

ባለቀለም ድንጋይ ከሚገባበት ነጭ ብርሃን ከፊሉን ውጦ ቀሪውን ይመልሳል። ሰርድዮን ቀይ የሚሆነው በውስጡ በተበተነው የብረት ኦክሳይድ ምክንያት ነው። ብርሃን በጀርባው በኩል ሲያልፍ እንደ ፍም ይቀላል፤ በጥቁር ነገር ላይ ሲቀመጥ ግን ወደ ቡናማ ያደላል። በክር የተሰካ ዶቃ ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ስለሚያገኝ ከቀለሙ ብዙውን ያሳያል። ጀርባው በብረት የተዘጋ ድንጋይ ግን ከፊት የገባውን ብርሃን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ጀርባው የተዘጋ ማቀፊያ የግድ ጉድለት አይደለም። የጥንት አንጥረኞች ከድንጋዩ ሥር ስስ የብረት ቅጠል በማንጠፍ የገባውን ብርሃን መልሰው ወደ ተመልካቹ ይልኩት ነበር። ጣሊያናዊው አንጥረኛ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ እ.ኤ.አ. በ1568 በታተመው የሙያ መጽሐፉ ይህንን ዘዴ በዝርዝር ገልጿል። ይሁን እንጂ እርጥበት ገብቶ ቅጠሉ ሲጠቁር ድንጋዩ ራሱ የደበዘዘ ይመስላል።

የብረቱ ቀለም

ብር የሚታየውን ብርሃን ሁሉ በተመጣጠነ መጠን ይመልሳል። ወርቅ ግን ቢጫውንና ቀዩን መልሶ ሰማያዊውን ይውጣል። ስለዚህ ፈዘዝ ያለ ሰርድዮን በወርቅ ሲታቀፍ ሙቀት ያገኛል፤ ቀለም የሌለው ክሪስታል ደግሞ ቢጫ ጥላ ያርፍበታል። ከዚህ አካላዊ ውጤት ጋር መምታታት የሌለበት የዓይን ውጤትም አለ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኧዤን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። ሰማያዊ ሰንፔር በቢጫ ወርቅ ዙሪያ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጊዜ የተለወጠው የተመልካቹ እይታ እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

ማቀፊያው የሚያሳድረው ጫና በሁሉም ድንጋይ ላይ እኩል አይደለም። የብርሃን ስብራት መጠኑ 1.77 የሚደርሰው ሰንፔር፣ ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ በሆነ ማዕዘን የውስጥ ገጹን የሚመታውን ብርሃን መልሶ ወደ ውስጥ ያንጸባርቃል። መጠኑ 1.55 ገደማ የሆነው ኳርትዝ ግን ይህን የሚያደርገው ከ40 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ስለሆነም በኳርትዝ ጀርባ የሚያመልጠው ብርሃን ይበዛል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ቀለምም ይበልጥ ይታያል። ላብና ቅባት በጀርባው ሲለጠፍ ደግሞ ይህ ማዕዘን ከፍ ስለሚል ድንጋዩ ብልጭታውን ያጣል። ጀርባው ክፍት የሆነ ማቀፊያ ለማጽዳት መመቸቱ ቀላል የማይባል ጥቅም ነው።

የወሎ ኦፓል

ጉዳዩ በዘመናችን ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ በወገል ጤና አካባቢ በተገኘው ኦፓል ነው። የኦፓል ኅብረ ቀለም የሚፈጠረው በሥርዓት በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች መካከል ብርሃን ሲበተን ነው። ከጀርባ የሚመጣው ነጭ ብርሃን ይህን ኅብር ሲያደበዝዘው፣ ጥቁር ጀርባ ግን ነጩን ብርሃን ውጦ ኅብሩን ያወጣዋል። ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ኦፓል ጀርባው በተዘጋ ጥቁር ማቀፊያ ውስጥ እጅግ የተዋበ ይመስላል።

ሆኖም የወሎ ኦፓል ውኃ የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ሲርስ ይጠራል፤ ኅብሩም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ጀርባው የተዘጋ ማቀፊያ ይህን መድረቅ ያዘገያል። ከዚህም በላይ፣ ስስ ኦፓል በጥቁር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የተሠራ ከሆነ የመጋጠሚያውን መስመር ከገዢው ዓይን ይሰውረዋል።

ማጠቃለያ

የማቀፊያ ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለዋጋ ግመታ ድንጋዩ ከመታቀፉ በፊት፣ በነጭ መደብ ላይና በቀን ብርሃን መታየት ይኖርበታል። ከታቀፈ በኋላ የሚሰጥ ግምት የአንጥረኛውን ጥበብም አብሮ ስለሚመዝን፣ የድንጋዩን አምራች ሊጎዳ ወይም ገዢውን ሊያሳስት ይችላል። ለቅርስ ጥናትም ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። የሐርላን የሰርድዮን ዶቃ በጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድሞ ከላይ ብቻ ማብራት የደበዘዘ ድንጋይ ማሳየት ነው። ብርሃን ከጀርባው እንዲያልፍ አድርጎ መስቀል ግን በአንገት ላይ ተሰክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ወደነበረው መልክ ያቀርበዋል። ስለሆነም በቅርስ መዝገብ ላይ ከድንጋዩ ቀለም ጎን የታየበት መደብና የብርሃኑ አቅጣጫ ቢመዘገብ፣ ኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የድንጋዩን ቀለም ከአቀማመጡ ውጤት ለይቶ ማወቅ ይችላል።