ግልገሏ መቆም ለምን ተሳናት? ቫይታሚን ኢ እና የሕዋስ ሽፋን

ጤነኛ መስላ የተወለደች የበግ ግልገል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እግሮቿ ይገተራሉ፤ መቆምም ይሳናታል። ከሞተች በኋላ ሥጋዋ ሲመረመር ቀይ መሆን በሚገባው ጡንቻ ላይ የነጡ መስመሮች ይታያሉ። በሽታው «የነጭ ጡንቻ በሽታ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። መንስኤው ረቂቅ ተሕዋስ ሳይሆን የቫይታሚን ኢ ወይም የሴሌኒየም፣ አንዳንዴም የሁለቱም እጥረት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሕዋስ እንዝለቅ። የእንስሳት ሕዋስ የተሸፈነው በሁለት ረድፍ በተደረደሩ የስብ ሞለኪውሎችና በመካከላቸው በተሰኩ ፕሮቲኖች ነው። ከእነዚህ ስቦች ከፊሎቹ ለሽፋኑ ልስላሴ ቢሰጡትም በኦክስጅን በቀላሉ ይጠቃሉ። ሕዋሱ ኃይል ሲያመነጭ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዙ ፍሪ ራዲካሎች ይፈጠራሉ። አንዱ ፍሪ ራዲካል ከስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ሲነጥቅ የተነጠቀው ሞለኪውል በተራው ከጎረቤቱ ይነጥቃል። ጉዳቱም በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት ይዛመታል።

ቫይታሚን ኢ በስብ የሚሟሟ በመሆኑ በሽፋኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ የራሱንም ሃይድሮጅን በመስጠት ሰንሰለቱን ይበጥሳል። እርሱ ሲጎድል ሽፋኑ ይላላል፤ ካልሲየም ያለ ልክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም ደግሞ ወደ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም በደም ውስጥ ይህን ኢንዛይም በብዛት ሲያገኝ ጡንቻው መጎዳቱን ይረዳል።

ቫይታሚን ኢን እ.ኤ.አ. በ1922 ያገኙት ኸርበርት ኢቫንስና ካትሪን ቢሾፕ ሲሆኑ፣ ፍንጩን የሰጧቸው ሽላቸውን በማኅፀን ማቆየት ያቃታቸው አይጦች ነበሩ። በ1957 ክላውስ ሽዋርዝ ሴሌኒየም አይጦችን ከጉበት ሕዋሳት ሞት እንደሚከላከል አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው በ1973 ነው፤ ሴሌኒየም ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም አካል ሆኖ ተገኘ። ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃ ይለውጣል። ሴሌኒየም ሲያንስ የኢንዛይሙ ሥራ ይዳከማል። እንግዲህ ቫይታሚኑ የተነሣውን እሳት ሲያጠፋ ኢንዛይሙ ማገዶውን ያነሣል ማለት ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት በከፊል ቢሸፍንም ፈጽሞ አይተካውም።

እርጥብ ሣር በቫይታሚን ኢ የበለጸገ ነው፤ ድርቆሽ ግን በመድረቅና በመከማቸት ብዛት አብዛኛውን ያጣል። በረጅም የበጋ ወራት በገለባና በድርቆሽ ብቻ የከረመች እርጉዝ በግ ለግልገሏ የምታወርሰው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ቫይታሚኑ በእንግዴ ልጅ በኩል እምብዛም ስለማያልፍ ግልገሏ በዋናነት የምታገኘው ከእንገር ነው። እንገሩን ሳትዘገይ መጥባቷና እናቲቱ በእርግዝና ወራት እርጥብ መኖ ማግኘቷ ሕይወት ያድናል። የሴሌኒየም መጠን ግን በአፈሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሲበዛ መርዝ ስለሚሆንም ያለ ባለሙያ ምክር ሊሰጥ አይገባም።