የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የተሳሳተ አድራሻ የሚይዘው ለምንድን ነው?

ጠዋት ቢሮ የገባ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ማሽኑ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ነገር ግን የደመወዝ ሰነዶች ያሉበት ሰርቨር አይከፈትም፣ ፕሪንተሩም አይገኝም። አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው ግን ያለ አንዳች እንከን ሥራዋን ቀጥላለች።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሆኖ የተሰጠው አድራሻ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

በኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አይፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። በአብዛኞቹ ቢሮዎች አድራሻው የሚታደለው ዲኤችሲፒ በተሰኘ፣ በአውሮፓውያኑ 1993 ይፋ በሆነ አሠራር ነው።

አሠራሩ በመተማመን ላይ የቆመ ነው። ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ሁሉ ይጠይቃል። የመለሰለትን ማንነት ግን አያጣራም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ምላሽ ይቀበላል።

የቢሮው ዋይፋይ የደከመበት አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ትንሽ ራውተር አምጥቶ ከግድግዳው መስመር ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ኬብሉን ለኢንተርኔት መግቢያ በተለየው ቀዳዳ ከሰካው ለጎረቤቶቹ የሚተርፍ ችግር እምብዛም አይኖርም። ከሌሎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ከሰካው ግን ራውተሩ ለቢሮው ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ክፋት የለበትም፤ ቤት ውስጥ የለመደውን ሥራ ነው የሚሠራው።

ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ለመነሳት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል፤ ትንሹ ራውተር ግን ቀድሞት ሥራ ይጀምራል። በዚህ መሃል አድራሻ የጠየቁ ኮምፒውተሮች ከእሱ ይቀበላሉ።

የተለመደው «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክርም እዚህ ላይ አይሠራም። አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ በመሆኑ፣ ሳይጠፋ ያደረ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ይዞ ይቆያል። እንደ አዲስ የተነሳው ግን በተሳሳተው እጅ ሊወድቅ ይችላል።

ምርመራው የሚጀምረው አድራሻውን በማየት ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማንም አልመለሰለትም፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈተሹት ኬብሉና ሰርቨሩ ናቸው። የባልደረቦቹ በ10 እየጀመረ የእሱ ብቻ በ192.168 ከጀመረ ግን ሌላ አዳይ መኖሩ ያጠራጥራል። በእርግጥ ቀደም ሲል በእጅ የተጻፈ አድራሻም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ይህ አስቀድሞ ቢታይ መልካም ነው።

በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ አድራሻውን የሰጠው ሰርቨር ቁጥር ይገኛል። የሁለት ጎረቤታሞች ቁጥር ከተለያየ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው የባዕዱን መሣሪያ መለያ ይዞ፣ በየትኛው የስዊች ቀዳዳ በኩል እንደገባ ማወቅ ይችላል።

ጉዳዩ ከሥራ መስተጓጎል ያልፋል። አድራሻ የሚሰጠው መሣሪያ መረጃ በየት በኩል እንደሚወጣም ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። የሌቪያታን ሴኩሪቲ ተመራማሪዎች በግንቦት 2024 «ተነልቪዥን» ብለው ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ አጥቂ ይህንኑ በመጠቀም የቪፒኤን ተጠቃሚን መረጃ ከተመሰጠረው መስመር ውጭ እንዲጓዝ ማድረግ እንደሚችል አሳይተዋል። አንድሮይድ ስልኮች በዚህ አይጠቁም። ምንጮቹን በቪፒኤን የሚጠብቅ ጋዜጠኛ በላፕቶፑ ሲሠራ ግን አደጋው ይመለከተዋል።

ባለሙያ የሚያስተዳድራቸው በርካታ ስዊቾች፣ ከተፈቀደው ቀዳዳ ውጭ የሚመጣን የአድራሻ እደላ የሚያግድ አማራጭ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሆን ተብሎ ካልተከፈተ አይሠራም። በርካሽ ስዊቾች ላይ ይህ አማራጭ የለም። እንዲህ ባለው ቢሮ ባለሙያው ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ራውተሩን መፈለግ ይኖርበታል።