ሸክምና ማዕበል በመርከብ አካል ላይ

ከብረት የተሠራ መርከብ ብዙ ሺህ ቶን ዕቃ ተሸክሞ በባሕር ላይ መንሳፈፉ ብዙ ሰዎችን ያስደንቃል። ምክንያቱ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የግሪኩ ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስረዳው፣ በውሃ ውስጥ የገባ አካል ከቦታው ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ አንድ መርከብ ከነጭነቱ 50,000 ቶን የሚመዝን ቢሆን፣ 50,000 ቶን ውሃ እስኪያስለቅቅ ድረስ ዝቅ ይልና በዚያው ይረጋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ክብደቱና የውሃው ግፊት በጠቅላላው እኩል ቢሆኑም በየስፍራው እኩል አይደሉም። አንባቢ መርከቡን እንደ ዳቦ በቁራጭ በቁራጭ የተከፈለ አድርጎ ይገምተው። ከባድ ጭነት ያለበት ክፍል ብቻውን ቢለቀቅ ወደ ታች በወረደ፣ ባዶው ክፍል ደግሞ ሽቅብ በተነሣ ነበር። ሁለቱ ሳይለያዩ የሚኖሩት የመርከቡ ብረት አንዱን ከሌላው ጋር አጥብቆ ስለ ያዘ ነው። እንግዲህ የልዩነቱ ጫና ሁሉ የሚያርፈው በዚሁ ብረት ላይ ነው።

ማዕበል ሲነሣ ጫናው ይበረታል፤ ይልቁንም የማዕበሉ ርዝመት ከመርከቡ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ነው። የማዕበሉ ጫፍ ከመርከቡ ወገብ በታች ሲደርስ መካከሉ ወደ ላይ ይገፋል፤ ፊቱና ኋላው ግን ድጋፍ አንሶአቸው ያዘነብላሉ። ይህም ዘንግ በትከሻው ላይ አጋድሞ በሁለቱ ጫፎች ሸክም ያንጠለጠለ ሰውን ይመስላል። በዚህ ጊዜ የመርከቡ የላይኛው ወለል ይሳባል፤ የታችኛው ብረት ይጨመቃል። ማዕበሉ አልፎ ፊቱና ኋላው በሁለት ጫፎች ላይ ሲያርፉ ደግሞ መካከሉ ይረግባል፤ በሽተኛ የተኛበት ቃሬዛ በሁለት ሰዎች ሲነሣ እንደሚሰረጉድ ማለት ነው። ያን ጊዜ የላዩ ይጨመቃል፤ የታቹ ይሳባል። ከልክ በላይ የተሳበ ብረት ይቀደዳል፤ ከልክ በላይ የተጨመቀ ይጨማደዳል። ሽቦም ወዲያና ወዲህ ሲተጣጠፍ እንደሚበጠስ፣ ይህ መፈራረቅ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ብረቱን ያደክማል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አደጋ ከአፍሪካ ቀንድ ብዙም ባልራቀ ባሕር ላይ ደርሶአል። በ2008 በጃፓን የተሠራችውና 316 ሜትር ርዝመት ያላት ኤም ኦ ኤል ኮምፎርት የተባለች የኮንቴይነር መርከብ፣ ከሲንጋፖር ወደ ጅዳ ስትጓዝ ሰኔ 10 ቀን 2005 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 17 ቀን 2013) ከየመን ጠረፍ ማዶ በማዕበል መካከል ከወገቧ ተሰነጠቀች። ሃያ ስድስቱም መርከበኞች በሕይወት ተርፈዋል። መርከቢቱ ግን ለሁለት ተከፍላ፣ የኋላው ክፍል ከዐሥር ቀን በኋላ፣ የፊተኛው ደግሞ እሳት ተነሥቶበት በተከታዩ ወር ሰጠሙ። ምርመራው እንዳመለከተው ስብራቱ የጀመረው ከመካከለኛው ክፍል የታችኛው ብረት ነው፤ ይኸውም መርከቢቱ ወደ ላይ ስትጎብጥ በብርቱ የሚጨመቀው ስፍራ ነው። በአንድ ንድፍ የተሠሩት እኅት መርከቦችም ሲመረመሩ የግርጌ ብረታቸው በጥቂቱ ተጨማድዶ በመገኘቱ ተጠናክረዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጭነት ጠቅላላ ክብደት ልክ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እያንዳንዱ ሸክም የሚያርፍበት ቦታ መታወቅ አለበት። ስለዚህም መኮንኖች መርከብ ከመነሣቱ በፊት የክብደቱን አከፋፈል በኮምፒዩተር ያሰላሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱም በውሃ ጋኖች ያስተካክላሉ። ስሌቱ ግን የሚታመነው የተጻፈው ክብደት እውነተኛ ሲሆን ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር በመርከብ ላይ እንዳይጫን የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። በወደብ መዝገብ ላይ በቸልታ የተጻፈ አንድ ቁጥር በጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀላል ይመስላል፤ በባሕር መካከል ግን ሸክሙን የሚቀበለው ብረቱ፣ አደጋውን የሚቀበለው መርከበኛው ነው።