ራሽን ባነሰበት ሰፈር ጾም ምን ማለት ነው?

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በእኛ በካኩማ ካቶሊኮች መካከል አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ እየጾምን ነው፤ ደግሞ ከምን ልንጾም?» ይላል ሰው። አነጋገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። ራሽኗ ከወሩ ቀድሞ ያለቀባት እናት ስትጠይቀው ጥሩ መልስ ይገባታል።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው ጥቂት እንበል። በሎድዋር ሀገረ ስብከት ሥር ያለው፣ የዶን ቦስኮ አባቶች የሚያገለግሉት ሰበካችን ጾሙን የሚጀምረው በአመድ ረቡዕ ነው። ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ አመዱ በግንባራችን ላይ ይደረጋል። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ፣ እሑዶች ሳይቆጠሩ፣ 40 ቀን ነው። አገር ቤት ግን ካቶሊኩም ፋሲካን የሚያከብረው ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ስለሆነ አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ግር ይላቸዋል። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. የአመድ ረቡዕ የዋለው የካቲት 11 ሲሆን፣ የኦርቶዶክሶቹ ጾም ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ የካቲት 9 ገብቷል። የትንሣኤ በዓል ግን በዚህ መጋቢት 27፣ በአገር ቤት ሚያዝያ 4 ነው የሚውለው። ረመዳንም የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሦስት ጾም ማለት ነው!

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ረሃብ ጾም አይደለም። ጾም ሰው ያለውን ወዶ ሲተው ነው፤ የሌለውን ማጣት ግን ችግር ነው፣ ችግር ደግሞ ጽድቅ ተብሎ ሊሸፈን አይገባም። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያስፈልጋል ይባላል፤ እኛ የምንቀበለው ከዚያ በታች ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የለጋሾች ገንዘብ ሲቀንስ ራሽኑም እጅግ ቀነሰ።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታውቃለች። ሕጓ ምግብ ቀንሶ መጾምን ግዴታ የሚያደርገው በሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ። ግዴታው ከ18 እስከ 59 ዓመት ላለ ጤነኛ ሰው ሲሆን፣ በእነዚህ ቀኖች አንድ ጊዜ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጥቂት መብላት ይፈቀዳል። ከሥጋ መከልከል የሚጀምረው ከ14 ዓመት ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና የታመመ ሰው ከጾሙ ነጻ ናቸው። መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስድ ሰውም ምግቡን አያቋርጥ። «እግዚአብሔር ይቀየመኛል» ብላችሁ የምትጨነቁ እናቶች፣ ልጃችሁን ማጥባታችሁ ራሱ አገልግሎት ነውና አትጨነቁ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ንስሐ ባወጡት ድንጋጌ ሀብታም አገሮችንና ድሆችን ለይተው ተናግረዋል። የተረፈው ሰው ከትርፉ ቀንሶ ለወንድሙ ይስጥ፤ ኑሮ ዝቅ ባለበት አገር ያለው ደግሞ ፍትሕ እንዲመጣ እየጣረ መከራውን ከክርስቶስ መስቀል ጋር አያይዞ በጸሎት ያቅርብ፣ የሚል ነው አሳቡ። እንግዲህ ችግራችንን ማቅረብ እንችላለን፤ ዝም ብሎ መቀበል አለባችሁ ግን አልተባልንም።

ታዲያ ከምን እንጹም? እኛ ስንነጋገር ሦስት ነገር አገኘን። አንደኛው የውኃ ወረፋ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ አንዱ ቀድሞ ሲገባ ስድቡ ይጀመራል፣ ከዚያም በብሔርና በቋንቋ መከፋፈል ይመጣል። በዚህ 40 ቀን ስድብን መተውና አሮጊቷን ማስቀደም ከሥጋ መከልከል ይከብዳል። ሥጋውማ ድሮም የለም!

ሁለተኛው ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ ስንቱን ሰው አንሥተን ጣልነው? የማን ኬዝ ሄደ፣ የማን ቀረ፣ ማን በምን መንገድ ሪሴትልመንት አገኘ እየተባለ ስንት ሰው ስሙ ጠፋ። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ሐሜቱን እንተው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ቤተሰቦች በደረጃ ተከፍለው ለአንዱ የሚደርሰው ለሌላው እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ በጎረቤቶች መካከል ቂም አመጣ። «እሷ እንዴት አገኘች?» መባባል በዛ። ጎረቤታችን ግን ደረጃውን አላወጣችም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? አንድ ኩባያ ዱቄትም ብትሆን፣ አንድ እፍኝ ባቄላም ብትሆን ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ስትሻገር ያን ጊዜ ጾማችን ጾም ይሆናል። የሚሰጠው ያጣ ሰው የሌላውን ልጅ ይጠብቅ፣ ለታመመው ውኃ ይቅዳ፣ ደብዳቤ ማንበብ ለማይችለው ያንብብ። ምጽዋት በገንዘብ ብቻ አይደለም።

የአመድ ረቡዕ ወንጌል (ማቴዎስ ምዕራፍ 6) ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ሲናገር ሦስቱንም በስውር አድርጉት ይለናል። በካምፕ ግድግዳው ቆርቆሮና ሸራ ስለሆነ የሚሰወር ነገር የለም፤ ጎረቤት ሳሉን እንኳ ይሰማል። ስለዚህ የእኛ ስውርነት ያደረግነውን ደግመን አለማውራት ነው። ለጸሎትም እንደዚሁ ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። ማታ ልጆች ሳይተኙ አንድ አባታችን ሆይ በጋራ፣ ዓርብ ደግሞ 14ቱን የፍኖተ መስቀል ምዕራፎች ከሌሎች ጋር መሄድ የሚቻል ነው። ስዋሂሊ የማይገባን ሰዎች በየቤታችን በአማርኛ ልናደርገው እንችላለን።

ለሚጾሙት ጎረቤቶቻችንም እናስብ። ረመዳን ከጾማችን ጋር ሲገጥም በቀን በራቸው ላይ ሻይ ባናፈላ፣ ሲያፈጥሩ ደግሞ ከውኃችን ብናካፍል ምን ይጎድለናል? እነሱም በፋሲካችን አይረሱንም።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ እንጀምር። ያኮረፍነው ሰው ካለ ሳንተኛ ሄደን በሩን እናንኳኳ። ጾሙን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።