የቀን ዓይንና የሌሊት ዓይን፤ ቀለም ስለማይለይ ልጅ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ውቤ በረሃ በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሠርክ ጸሎት የሚመለሱት ወይዛዝርት የለበሱት ነጠላ ጥበቡ ቀይ እንደ ሆነ፥ ቀዩ አስቀድሞ ይጠቁራል፤ ሰማያዊው ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያም ሁሉም ዐመድ ይመስላል። ይሁን እንጂ መንገዱን ለይቶ ለመሄድ የሚበቃ ብርሃን ገና አለ። ሰፈሩ በደጃዝማች ውቤ ስም የተጠራና በቀድሞው ዘመን ስለ ሌሊት ጨዋታው ብዙ የተወራለት ነው፤ እኛ ግን በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ የምንናገረው ስለ ዓይን ነው።

ቀለሙ ከብርሃኑ አስቀድሞ ለምን ይሄዳል ቢሉ፥ በዓይናችን ውስጥ ሁለት ዐይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ስላሉ ነው። በዓይን ውስጥ በስተኋላ በተዘረጋው ስስ ሽፋን፥ ሬቲና በሚባለው ላይ፥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሾጣጣ ሕዋሳት በቀን ቀለምን ይለያሉ፤ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ እንደ ዘንግ የቀጠኑ ሕዋሳት ደግሞ በጨለማ ጥቂቷን ብርሃን ይይዛሉ፤ ቀለምን ግን አያውቁም። ይህን የሥራ ክፍፍል ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ሹልትሰ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ገልጦታል።

ከሁለቱ ታላቁ የቀኑ ነው። ሕዋሱ ብርሃንን የሚቀበልበትን ረቂቅ ነገር፥ ኦፕሲን የተባለውን፥ የሚያሠራው ከወላጅ የሚወርድ ዘረ መል ነው። ቁም ጸሐፊ አንዱን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ቢገለብጥና በሁለተኛው ጥቂት ፊደል ቢለወጥበት፥ የፊተኛው በነበረበት ይቆያል፤ የኋለኛው ግን ሌላ ንባብ ያወጣል። ዘረ መሉም እንዲሁ እየተደገመና እየተለወጠ፥ ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ዘንድ አራት ዐይነት የቀን ኦፕሲን ተገኘ፤ የሌሊቱም ከእነዚሁ ከአንደኛው ቅጂ ወጣ። ዶሮ አራቱንም እስከ ዛሬ ይዛለች። አጥቢ እንስሳት ግን በዳይኖሰሮች ዘመን የሌሊት ኑሮ ስላዘወተሩ፥ አብዛኞቹ ሁለቱን ብቻ ይዘው ቀሩ፤ በሬና ውሻ እንዲህ ናቸው። (በሬ ቀይ ጨርቅ ሲያይ ይቈጣል የሚባለው እንግዲህ ከንቱ ወሬ ነው፤ የሚያስቈጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።)

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ የሰውና የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎች ጥንተ ዘር በሆኑት ዘንድ፥ ከተረፉት አንደኛው እንደገና ተደገመ፤ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ከዚህ መጣ። የሰሜን ተራራው ጭላዳ የጓደኛውን የደረት ቅላት የሚያየው በዚህ ዓይን ነው፤ የበሰለ ቡና ከቅጠሉ መካከል ለቅሞ የሚያወጣ ሰውም እንዲሁ።

ለቤተ ሰብ የሚያስፈልገው ነገር እነሆ። የቀዩና የአረንጓዴው ዘረ መሎች በጣም ተመሳሳይና ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ፥ በሚገለበጡበት ጊዜ አንዱ ይጠፋል ወይም ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ሥፍራቸውም ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ስላላት የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈንላታል፤ ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከእናቱ ይወርሳል። ስለዚህ አያት ያልለየውን ቀለም የሴት ልጁ ልጅም ሳይለየው ይቀራል፤ በመካከል ያለችው እናት ደኅና እያየች። ከአውሮፓ ተወላጅ ወንዶች ከ100 ወደ 8 የሚሆኑት እንዲህ ናቸው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ዳልተን በ1794 ስለ ራሱና ስለ ወንድሙ ይህንኑ ጻፈ። ምክንያቱ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆኑ ነው ብሎ ስላመነ፥ ሲሞት ዓይኑ እንዲመረመር ተናዘዘ። በ1844 ሲታይ ፈሳሹ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ተጠብቆ የቆየው ዓይን በ1995 በዘረ መል ሲመረመር ግን የአረንጓዴው ዘረ መል ጎድሎ ተገኘ።

እንግዲህ ቀዩን እርሳስ አምጣ ሲባል አረንጓዴውን የሚያመጣ፥ የቀላውን በርበሬ ከቅጠሉ መካከል ማግኘት የሚያቅተው ልጅ በስንፍና ወይም በንቀት አይደለምና አይገረፍ። እናቲቱም አትወቀስ፤ ያልመረጠችውን አውርሳለች። የዓይን ሐኪም ጃፓናዊው ኢሺሃራ በ1917 ባወጣው፥ በቀለም ነጠብጣብ ቍጥር በተሰወረበት መጽሐፍ በጥቂት ደቂቃ ይለየዋል። መድኃኒት ባይሰጠውም፥ መምህሩ እንዲያውቅለትና የሥራው ምርጫ በጊዜ እንዲታሰብበት ያደርጋል።

ቀለሙን እየለየ ሲመሽ ብቻ የሚደናቀፈው ልጅ ግን ሌላ ነው። የእርሱ ዳፍንት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የዘንጎቹ ኦፕሲን ያለ ቫይታሚን ኤ መሥራት ስለማይችል ነውና፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ጉበት፥ እንቁላል፥ ጎመንና ካሮትም ከማዕዱ አይታጡ።