ትንንሽ መጽሔቶች፦ የአጭር ልብወለድ መግቢያ በር

አዲስ አበባ የተወለደችው ደራሲ ሜሮን ሀደሮ በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአፍሪካ አጭር ልብወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት አሸነፈች፤ ከኢትዮጵያ ተወላጆችም የመጀመሪያዋ ሆነች። ጌቱ ስለተባለ ወጣት የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ የሚተርከው ታሪኳ በ2018 የወጣው ሳን ፍራንሲስኮ በሚታተመው ዚዚቫ በተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነው። የኬን ሽልማት ረቂቅ አይቀበልም። ለውድድር የሚቀርበው የታተመ ታሪክ ሲሆን የሚልከውም ደራሲው ሳይሆን አሳታሚው ነው። ስለዚህ መጽሔት ወይም መድበል ያላስተናገደው ታሪክ ከሽልማቱ ደጃፍ አይደርስም።

እንዲህ ያሉ መጽሔቶች አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ወይም አራቴ ይወጣሉ። የሚኖሩት በማስታወቂያ ገቢ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ ድጎማ፣ በደንበኞች ክፍያና በበጎ አድራጊዎች ልግስና ነው። የሚላክላቸውን ረቂቅ መጀመሪያ የሚያነቡት ብዙ ጊዜ ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የእነሱን ወንፊት ያለፈው ወደ አርታኢው ይሄዳል። አንባቢያቸው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ መካከል ግን የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች፣ አሳታሚዎችና የመድበል አዘጋጆች አሉ።

የብዙ ደራሲዎች መድበልም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከታተመው ይመርጣል። ከ1915 ጀምሮ በየዓመቱ የሚወጣው «ቤስት አሜሪካን ሾርት ስቶሪስ» ታሪኮቹን የሚለቅመው ከመጽሔቶች ነው። የሜሮን ሌላ ታሪክም ሚዙሪ ሪቪው በተባለ መጽሔት ከወጣ በኋላ በ2016ቱ እትም ተካትቷል። ሁለተኛው ዓይነት አዘጋጁ ደራሲዎችን ጋብዞ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ አዲስ ታሪክ የሚያጽፍበት ነው። በ2020 የወጣው «አዲስ አበባ ኖይር» ከዚህ ወገን ነው። ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ያዘጋጀችው ይህ መድበል አዳም ረታንና በዕውቀቱ ሥዩምን ጨምሮ የ14 ደራሲዎችን ሥራ ይዟል፤ ከአማርኛ የተተረጎሙም አሉበት። መዓዛ ራሷ በዚያ ባወጣችው ታሪክ በ2021 በአሜሪካ ለወንጀልና ለምሥጢር ድርሰት የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት ወስዳለች።

መጽሔት የአንድን ከተማ የሥነ ጽሑፍ ሕይወት ሲለውጥም ታይቷል። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2002 የኬንን ሽልማት እንዳገኘ ከጓደኞቹ ጋር ናይሮቢ ላይ «ክዋኒ?» የተሰኘ መጽሔት አቋቋመ። በማግስቱ ዓመት በ2003 ያንኑ ሽልማት ያሸነፈችው ኢቮን አዲያምቦ ኦዉር ናት፤ ታሪኳም የወጣው በዚሁ መጽሔት ነው።

ታሪክ የሚልክ ሰው ከሁሉ በፊት የመጽሔቱን መመሪያ ያንብብ። ረቂቅ የሚቀበሉበት ወራት፣ የቃል ብዛት ጣሪያና የአላላክ ደንብ እዚያ ተጽፏል፤ ያንን ያልጠበቀ ሥራ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። አብሮ የሚላከው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ታሪኩ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ደራሲው ሊያብራራው አያስፈልግም። መልስ ለመምጣት ወራት ይፈጃል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ አንድን ታሪክ በአንድ ጊዜ ለተለያዩ መጽሔቶች መላክን ይፈቅዳሉ፤ አንዱ ሲቀበል ግን ለሌሎቹ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንዳንዶቹ ለመላኪያ ጥቂት ዶላር ያስከፍላሉ። ክፍያው ከመጽሔት መጽሔት ይለያያል፤ የታተመውን ቅጂ ብቻ የሚሰጡም አሉ።

ውል ሲመጣ የሚታየው ዋና ነገር መብት ነው። መጽሔት በተለምዶ የሚገዛው ታሪኩን መጀመሪያ የማተም መብት ሲሆን ከታተመ በኋላ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል፤ ያኔ በራሱ መድበል ሊያካትተው ይችላል። ሁሉንም መብት ለዘለዓለም የሚጠይቅ ውል ሲመጣ ግን ከመፈረም በፊት መጠየቅና መደራደር ይገባል።

የእኛ ወጣት ደራሲዎች በተለይ የሚሰናከሉት በዚህ መጀመሪያ የማተም መብት ላይ ነው። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተለጠፈ ታሪክ በብዙ መጽሔቶች ዘንድ እንደታተመ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያነት መብቱም በነፃ ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ ጥሩ ታሪክ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ላኩት፤ ቢመለስም አርማችሁ ለሌላው ላኩ።