ቁልቁለቱ ሲያልቅ ውሃውም ያልቃል

ሞላሌ ላይ በማለዳ ውሃ የሚያምረው ሰው ጥቂት ነው። የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ውርጩ ሳይለቅ ከቤት የወጣ መንገደኛ ባናውን ተከናንቦ የሚያስበው ስለ ትኩስ ሻይ ነው። በዚህ ሰዓት ወደ ገደሉ የሚወርድ እንግዳ አንድ ሃይላንድ ገዝቶ “ይበቃኛል” ቢል አይፈረድበትም። የሚፈርድበት ከሰዓት በኋላ ነው።

ነገሩ የአገሩ አቀማመጥ ነው። ራስ ደጀንን የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ትኩስ ሳለ ዳገቱን ይጨርሳል፤ ሲደክመው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። መንዝ ላይ ግን ከላይ ሜዳ፣ ከሥር ገደል ነው። በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በደቡብ ሞፈር ምድሩን ሰንጥቀው ወርደዋል፤ በምሥራቅም ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይዘቀዘቃል። ስለዚህ የመንዝ መንገደኛ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ኋላ ይወጣል። ዳገቱን የሚያገኘው ፀሐይ ከበረታች፣ ጉልበቱ ከላላ፣ ውሃውም ካለቀ በኋላ ነው።

የከፍታውን ልዩነት ጠርሙሱ ራሱ ያሳያል። ሞላሌ ላይ ግማሹ ተጠጥቶ ክዳኑ ጥብቅ የተደረገ ሃይላንድ ወንዝ ዳር ሲደርስ ጎኑ ተጨማዶ፣ ወገቡ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። የጨመቀው ሰው የለም። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ላይ የታሸገው ስስ አየር የታችኛውን ከባድ አየር መቋቋም ያቅተዋል። ክዳኑ ላላ ሲደረግ ፍስ ብሎ አየር ይስብና ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚሁ ጋር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ጠዋት ባና ያስፈለገው ሰው ቀትር ላይ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ይገኛል።

ደጋው ሌላም ማታለያ አለው። ብርድ የጥምን ስሜት ያደነዝዛል። አየሩ ስስና ደረቅ በመሆኑ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በጠዋቱ ብርድ ከአፍ የሚወጣው ጉም መሳይ ነገርም ከሰውነት የሚሸሽ ውሃ ነው። ላብ ስለማይታይ ማንም አይቆጥረውም። አፍ ሲደርቅና ራስ ሲከብድ ግን ሰውነቱ ቀድሞ ከስሯል። መንገድ ከመጀመሩ በፊት ጠጥቶ መነሳት፣ ከዚያም ጥም ሳይጠብቁ እየተጎነጩ መሄድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጠላውማ ይጥማል፤ ነገር ግን ዳገቱን ከመያዝ በፊት ሳይሆን ከወጡ በኋላ ይሻላል።

ምን ያህል ውሃ ይበቃል? በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሊፈልግ ይችላል። አራት ሰዓት የሚፈጅ አቀበት እስከ አራት ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ደግሞ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስንቁ በሶ ከሆነ የመበጥበጫው ውሃም ይጨመራል። ጨው ነካ የተደረገበት ቆሎ በላብ የወጣውን ጨው ስለሚመልስ አብሮ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ ያለ ጨው ውሃ ብቻ ከመጠን በላይ መጋትም ይጎዳልና።

ሸክሙን በተመለከተ ከመንዝ ሴቶች በላይ ሊቅ ማግኘት ይከብዳል። ምንጩ ከመንደሩ በታች በሚገኝበት ቀዬ ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረድ፣ ሙሉ ጀሪካን አዝሎ መውጣት የዕለት ሥራ ነው። ቢጫው የዘይት ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ቀድሞ እንስራ በታዘለበት አኳኋን ዛሬም ገመዱ በደረትና በትከሻ ዞሮ ጀሪካኑን ከጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ ተሸካሚዋ ጎንበስ ስትል ክብደቱ ወገቧ ላይ ያርፋል፣ እጇም ነፃ ይሆናል። የእንስራውን አፍ በቅጠል መወተፍም የውሃውን መናጥ ለመቀነስ ይረዳል። ይህን ልፋት ስፖርት ብሎ የሚጠራው የለም። ክብር የሚሰጠውም ጥቂት ነው።

መናጡ ቀላል ነገር እንዳይመስል። ግማሽ የጎደለ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ተሸካሚው በዘነበለ ቁጥር ወደዚያው ይሮጣል፣ ሚዛንም ያስታል። ገደል የሚወጣ ሰው ከአንድ ትልቅ ጎዶሎ ዕቃ ይልቅ ሁለት ሦስት ትንንሽ ሙሉ ጠርሙሶች ቢይዝ፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ቢያልፍ ይመረጣል። ሃይላንድ በክር አስሮ አንገት ላይ ማንጠልጠልም ለሜዳ እንጂ ለገደል አይሆንም፤ ሰውየው አለቱን ሲያቅፍ ጠርሙሱ በደረቱና በድንጋዩ መካከል ይገባል።

እጅና እግር ሁለቱም አለት በሚጨብጡበት ቦታ ጠርሙስ ማውጣት ራሱ ችግር ነው። ለዚህ መላ የዘየደው ገደል ወጪ ሳይሆን ብስክሌተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በቴክሳስ ሐሩር ሊወዳደር የተዘጋጀው ማይክል አይድሰን የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ስለነበር የግሉኮስ ከረጢት ውሃ ሞላበት፤ በካልሲ ውስጥ አድርጎ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ሰፋው፣ ቱቦውንም በትከሻው አሳልፎ ወደ አፉ አደረሰው። ካሜልባክ የተባለው ዕቃ እንዲህ ተወለደ። ችግሩ የቀረው ውሃ መጠን አለመታየቱና በመንዝ ውርጭ ቱቦው በረዶ ሊይዝ መቻሉ ነው።

ቀናት የሚፈጅ ግድግዳ ሲሆን ደግሞ ጀርባም አይበቃም። በካሊፎርኒያ 900 ሜትር በሚደርሰው ኤል ካፒታን ላይ ወጪዎች ለአንድ ሰው በቀን እስከ አራት ሊትር ያሰሉና፣ ውሃውን በከረጢት አድርገው በገመድና በመዘውር ከኋላቸው ይጎትታሉ። ገመዱ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም 15 ሜትር ያህል የሚሆነው ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣው ከቆዳ በተገመደ መጫኛ ነው፤ ዕቃና ስንቅም በገመድ ይሳባል። ውሃው ግን አብዛኛው ከሰማይ ይመጣል። መነኮሳቱ በአምባው አናት አለት ተፈልፍሎ በተሠሩ ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ።

መንዝ ውሃ ያጣ አገር አይደለም። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብቻውን ከ20 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች መነሻ ነው። ከገደሉ ሥር ወንዝ ስላለም ለመውጫው የሚሆነውን ውሃ በሙሉ ከሞላሌ ተሸክሞ መውረድ ግድ አይደለም። ይሁንና ወንዙ ከላይ ያሉ መንደሮችንና ከብቶችን አልፎ የመጣ ነው፤ ጃርዲያና ታይፎይድ ሊኖሩበት ይችላሉ። ማፍላት የሚፈልግ ደጋው ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አውቆ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይታገሠው። እንጨትና ጊዜ ለሌለው አኳታብ የሚባለው እንክብል አለ። የደፈረሰው ውሃ መጀመሪያ ይረጋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ እንክብሉ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ያ ግማሽ ሰዓት ለበሶው ነው፤ ጠርሙሶቹ ሞልተው ከታሰሩ በኋላ አቀበቱ ይጀመራል።